ኦጋቶን ያዳከምኩት እኔ ነኝ

ኦጋቶ የቪዲዮ ጌም ተዋጊ ነው፤ እንጨት ቆራጭ። ጺሙ ሆዱ ላይ ይደርሳል። እንደ ሌሎቹ ተዋጊዎች እሳት መወርወር ወይም አየር ላይ መንሳፈፍ አይሆንለትም። የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቀስ ብሎ ይጠጋህና ወገብህን ጨምድዶ፣ ሦስት ጊዜ አሽከርክሮ ከመሬት ያላትምሃል። ይህን ለማድረግ ተጫዋቹ ጆይስቲኩን በግራ እጁ ሙሉ ክብ ማዞርና በቀኙ ቁልፉን መምታት አለበት፤ ዐይንህን ጨፍነህ እስክትገልጥ ማለቅ ያለበት ነገር ነው። በሰፈራችን ጌም ቤት ይህን ሳይስት የሚያደርግ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም አባቴ ነው።

የምንኖረው ኦሳካ ዳርቻ፣ ብሎን በሚያመርቱ ትንንሽ ፋብሪካዎች መሀል ነበር። አባቴ ያኖ ኩኒሂኮ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ቶርኖ ላይ ቆሞ ይውላል። እሑድ ከምሳ በኋላ ጥፍሩ ሥር የገባውን ግራሶ በብሩሽ ፈትጎ ያስለቅቅና እኔን አስከትሎ አክስቴ ቶሚ ጋ ይሄዳል። አክስቴ አልኩ እንጂ አንዛመድም፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራት እንደዚያ ነው። ባሏ ሲሞት የሩዝ ሱቃቸውን ዘግታ ስምንት የጨዋታ ማሽኖች ያስገባች፣ ስልሳ ዓመት ያለፋት፣ ምላሷ የማያርፍ ሴት ናት። ቤቱ ዓመቱን ሙሉ ሲጋራና የተጠበሰ ኑድል ይሸታል። ለእኔ ከዚያ የሚበልጥ ቦታ በዓለም ላይ አልነበረም። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

ማሽኖቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ጀርባ ለጀርባ ስለሚቆሙ የሚገጥምህን ሰው ፊት አታይም። እሱን ማየት የእኔ ሥራ ነበር። አባቴ አንዱን ባፈረጠ ቁጥር ወደ ማዶ ዞሬ የተሸናፊውን ፊት አይቼ እመለሳለሁ።

«ምን መሰለ?» ይለኛል ዐይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል።

«ሎሚ የመጠጠ።»

«ማን ነው? ዋታሩ ነው?»

«አዎ ዋታሩ። ከንፈሩን ጥሏል።»

«ሰምቼሻለሁ፣ አንቺ ሰላይ» ይላል ዋታሩ ከማዶ። ዋታሩ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው፤ ከአባቴ ቀጥሎ የቤቱ ጎበዝ እሱ ነበር። «አጎቴ፣ ይቺን ልጅ ቤት ትተሃት ና። እሷ ስላለች ነው የምሸነፈው።»

«እሷ ባትኖርም ትሸነፋለህ። ብቻ ያኔ የሚያዝንልህ የለም።»

«ኧረ አሁንስ ማን አዘነልኝ!»

በሚያዝያ ጨዋታው ሊታደስ ነው ተባለ። ያው ጨዋታ፣ ያው ተዋጊዎች፤ ብቻ የእያንዳንዳቸው ጉልበት እንደገና ተመዝኖ ሊወጣ ነው። ሠሪዎቹ ከማውጣታቸው በፊት ማሽኑን በተመረጡ ጌም ቤቶች ለሦስት ቀን እያስቀመጡ ተጫዋቹን መጠይቅ ያስሞላሉ። የአክስቴ ቶሚ ቤት ትንሽ ብትሆንም ጎበዝ አታጣም ተብላ ተመረጠች። ክራባት ያሰረ አንድ ወጣት መጣና ማሽኑን ተከለ፣ አጠገቡም የወረቀት ክምርና ሳጥን አስቀመጠ።

ወረቀቱ ላይ ካሉት ጥያቄዎች አንዱ «ከሁሉ በላይ በርትቷል የምትሉት ተዋጊ ማን ነው?» ይላል። በየወሩ የምገዛው የልጆች መጽሔት ውስጥ እንዲህ ያለ ወረቀት አለ፤ የምትወደውን ሰው ስም ጽፈህ ትልካለህ፣ ብዙ ወረቀት የደረሰው አንደኛ ይወጣል፣ ሥዕሉም በቀጣዩ ወር ሽፋኑ ላይ ይታተማል። እኔም ያው ምርጫ መሰለኝ። አሥራ አንድ ወረቀት ሞላሁ። የአንድ ሰው እንዳይመስል በየወረቀቱ ብዕር ቀየርኩ፣ በሁለቱ ላይ ጽሑፌን በግራ እጄ አጣመምኩ። «ኦጋቶ። ማንም አይችለውም።» «ኦጋቶ። ትልልቅ ሰዎች እንኳ ይፈሩታል።» «ኦጋቶ። አባቴ ሲይዘው በተለይ።» ይህችን የመጨረሻዋን ጽፌ እንደያዝኩ ተነቃብኝ ብዬ ልቀዳድዳት ነበር፤ ከዚያ ግድ የለም ብዬ ከተትኳት። ኦጋቶ አንደኛ ሲወጣ ድንገት እንዲያይልኝ ብዬ ለአባቴ ትንፍሽ አላልኩም።

አዲሱ ማሽን በነሐሴ ገባ። ሙቀቱ ሰው ይገድላል፤ አክስቴ ቶሚ አንዷን ማራገቢያ ወደ ራሷ አዙራ ቁጭ ብላለች። አባቴ ኦጋቶን መረጠ። ኦጋቶ ቀስ ብሎ ተጠጋ። ወገብ የሚጨመድድበት ቦታ ደረሰ። ከዚያ ወደ ላይ ዘለለ። ያን የሚያህል ሰውዬ በባዶ ሜዳ እንደ ፌንጣ እጥፍ ዘርጋ አለ፤ የዋታሩ ተዋጊም ከአየር ላይ ቀለበው። እንደገና ተጠጋ፣ እንደገና ዘለለ። ጆይስቲኩ ሙሉ ክብ ካልዞረ ማሽኑ «ዝለል» የተባለ ይመስለዋል። ይህን ያኔም አውቅ ነበር፤ አባቴ ክቡን ያጎድላል ብዬ ማሰብ ግን አልችልም።

«አዳክመውታል» አለ አባቴ።

ልማዴ ነውና ወደ ማዶ ዞርኩ። ዋታሩ አሸንፎም ደስ አላለውም፤ የሰው ዕቃ የሰበረ ይመስላል።

«አጎቴ፣ ምን ሆነህ ነው?»

«እኔ ምን እሆናለሁ? ማሽኑ ነው ክቡን የማይቀበለኝ።»

ከኋላ ከቆሙት አንዱ ሳቅ ብሎ «የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ» አለ። ያን ዕለት የሳቀው እሱ ብቻ ነበር።

አባቴ ሲጋራ ሊገዛ ሲወጣ ዋታሩን ያዝኩት። «ለምንድን ነው ያዳከሙት?»

«መጠይቅ አስሞልተው የለ? በረታ የተባለውን ይቀንሱታል፣ ደከመ የተባለውን ይጨምሩለታል። ሚዛን እንዲጠብቅ።»

«በረታ የተባለውን ነው የሚቀንሱት?»

«እና ምን ሊሸልሙት ኖሯል? ኦጋቶ ላይ ብዙ ሰው አማርሮ ይሆናላ። ምነው ቢጫ ሆንሽ?»

ሙቀቱ ነው አልኩት። አሥራ አንድ ወረቀት። አባቴን በገዛ እጄ አስያዝኩት።

ከዚያ በኋላ የነበሩት እሑዶች ሁሉ አንድ ናቸው። አባቴ ይቀመጣል፣ ኦጋቶ ይዘላል፣ አባቴ ይነሣል። ወደ ማዶ ዞሬ ፊት ማየት ተውኩ፤ ስላሸነፈ ፊት የሚጠይቀኝ የለም። አባቴ ቤትም ተለወጠ። የሩዝ ሳህኑን በግራ እጁ አንሥቶ መያዝ ትቶ፣ ጠረጴዛ ላይ እንደተቀመጠ ወደ እሱ ጎንበስ እያለ ይበላ ጀመር። እኔ እንዲህ ባደርግ «ውሻ ነሽ እንዴ?» ተብዬ እቆነጠጣለሁ። እናቴ እሱን ግን አንድም ቀን አልተናገረችውም። በሽንፈቱ አዝኖ ወኔው ስለጠፋ ነው ብዬ ደመደምኩ፤ እሱንም በእኔ ሒሳብ ላይ ጻፍኩት።

በመስከረም አንድ ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስመለስ በአክስቴ ቶሚ ጓሮ በር ላይ የእናቴን ጫማ አየሁ። እናቴ ሳቶኤ የልብስ እጥበት ቤት ሠራተኛ ናት፤ ጌም ቤት ረግጣ አታውቅም። በሩ ገርበብ ብሏል። በክፍተቱ እሷ ተንበርክካ ተቀምጣ፣ ከፊቷም በወረቀት የተጠቀለለ የባቄላ ጣፋጭ አድርጋ ታየችኝ። ሰው ከባድ ነገር ሊለምን ሲሄድ የሚይዘው ዓይነት ነው።

«እሱ እንዳያውቅ ነው የምለምንዎት» አለች እናቴ።

«ከእኔ አይሰማም። ጎረምሶቹ ናቸው እንጂ የሚያሰጉኝ።»

«ለእነሱም ይንገሩልኝ። ካወቀ ይሰበራል። አውቀዋለሁ፣ የዚያኑ ዕለት ነው የሚወድቀው።»

«ለመሆኑ እርግጠኛ ናቸው?»

«ሁለት ጊዜ ነው ያዩት። ብቻዬን ጠርተው ነው የነገሩኝ።»

«ልጅቷስ?» አለች አክስቴ ቶሚ።

«እሷማ ምን ታውቃለች፣ ሕጻን ናት።»

ጫማዬን በእጄ ይዤ በካልሲ ሮጥኩ። ነገሩ ግልጽ ነበር። ሠሪዎቹ ወረቀቶቹን ሁለት ጊዜ አይተው፣ የእኔን ጽሑፍ ለይተው፣ እናቴን ጠርተው ነግረዋታል። እናቴም ገመናዬን ሸፍና፣ አባቴ እንዳያውቅብኝ የሰው ደጅ እየጠናች ነው። ያን ማታ ሳልታዘዝ ሳህን አጠብኩላት። ግንባሬን በእጇ ዳሰሰችኝ፣ ያመመኝ መስሏት።

ለካ የጠሯት ሐኪሞች ናቸው። ያኔ በእኛ አገር እንዲህ ያለ ክፉ ነገር ሲገኝ ለታማሚው አይነገርም፤ ሚስት ወይም የበኩር ልጅ ለብቻ ይጠራና እሱ ይሸከመዋል። አባቴ የአንገት አጥንቱ ነርቭ ተጭኖ ነው፣ በማሸት ይስተካከላል ተብሎ ነበር። እናቴ የተነገራት ጡንቻን ከጣት ጀምሮ እየበላ እስከ ሳንባ የሚሄድ፣ መድኃኒት ያልተገኘለት በሽታ መሆኑ ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነበር። ጣፋጭ ገዝታ የሄደችው፣ ባሏ በሳምንት አንድ ቀን ደስ የሚሰኝበት ቤት ውስጥ አንድ የማያስብ ጎረምሳ አፉን ከፍቶ «እጅህ ምን ሆኗል?» እንዳይለው ነው።

አላሉትም። የሚቀጥለው እሑድ ቤቱ ሁሉ አንድ አፍ ሆኖ ጠበቀን። «አጎቴ፣ እውነትክን ነው፣ ኦጋቶ አብቅቶለታል።» «እኔም ሞከርኩት፣ ክቡን አይቀበልም።» ያ የሳቀው ልጅ እንኳ አንገቱን ሰብሮ «ግፍ ነው» አለ። ባንኮኒው ጥግ ተጫዋቾች የልባቸውን የሚጽፉበት በሲባጎ የታሰረ ደብተር አለ፤ እሱ ላይ ዋታሩ በትልልቁ «ኦጋቶን መልሱልን» ብሎ ጻፈ፣ ሌሎቹም ከሥሩ ፈረሙ። አባቴ አንብቦት ፈገግ አለ። እኔ ፊርማዎቹን ቆጥሬ የበለጠ ፈራሁ።

ካደግኩ በኋላ፣ በአሮጌ መጽሔቶች መደብር፣ የዚያን እድሳት ለውጦች የሚዘረዝር እትም አገኘሁ። ኦጋቶ አልተዳከመም። እንዲያውም ክንዱን ጥቂት አስረዝመውለት ነበር። እዚያ ደብተር ላይ የፈረሙት ሁሉ በየዕለቱ ይጫወቱ ስለነበር ይህን ያውቁ ነበር። ያን መጽሔት ይዤ መደብሩ ወለል ላይ ተቀመጥኩ፤ ሻጩ ውሃ አመጣልኝ።

ያኔ ግን ለሠሪዎቹ ደብዳቤ ጻፍኩ። አራት ደብዳቤ። «ኦጋቶ ደካማ ነው። የዋሸሁት እኔ ነኝ። እኔን ቅጡኝና እሱን መልሱት።» ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም፤ ለአራቱም የመጣልኝ መልስ ስለ ጨዋታው ላሳየሁት ፍቅር የሚያመሰግን ፖስት ካርድና ተለጣፊ ሥዕል ነው።

በኅዳር መጨረሻ ከእናቴ ጋር ካፖርት ልንገዛ መሀል ከተማ፣ ናምባ ሄድን። እሷ ወረፋ ስትይዝ እኔ ሱቁ አጠገብ ወዳለው ትልቅ ጌም ቤት አንገቴን አስገባሁ። ሰዎች ከብበው ያያሉ። መሀላቸው ዋታሩ ተቀምጧል። የያዘው ኦጋቶን ነው። ኦጋቶ ይጠጋል፣ ይጨመድዳል፣ ያሽከረክራል፣ ያላትማል። አንዱን ጥሎ ሌላውን ይቀበላል። አንድም ጊዜ አልዘለለም።

ዋታሩ ቀና ሲል አየኝ፤ ፊቱ ላይ የነበረው ደም ጠፋ። ጨዋታውን ትቶ ተነሣ። «ካናኤ፣ እዚህ አላየሽኝም፣ እሺ? ለአባትሽ እንዳትነግሪው። በእናትሽ ሞት።»

«እሺ» አልኩት። በልቤ ግን ንፉግ አልኩት። የኛን ኦጋቶ ብቻ ነው ያዳከሙት፣ ወረቀቶቹ ከኛ ቤት የወጡ ናቸውና። እዚህ ያለው ጤነኛ ነው፤ ዋታሩም ለብቻው ሊበላው ደብቆታል። ከነሐሴ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቴ ቀለለኝ። የማደርገው ነገር አገኘሁ።

የሚቀጥለው እሑድ አባቴን ለመንኩት። «የት ነው የምትወስጂኝ?» እያለ ሳቀ፤ አልነገርኩትም። ባቡር ውስጥ በቀኝ እጁ ማንጠልጠያውን ይዞ፣ ግራውን ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከቶ ቆመ። ናምባ ስንደርስ እጁን ጎትቼ ማሽኑ ፊት አስቀመጥኩት።

«እዚህ ያለው አልተዳከመም» አልኩት። «በዐይኔ አይቻለሁ። አዙረው።»

«በዐይንሽ?»

«ሰው ሲያዞረው አይቻለሁ።»

አየኝ። ከዚያ ሳንቲሙን በቀኝ እጁ አስገባ። ግራ እጁን ከኪሱ አውጥቶ ጆይስቲኩ ላይ አስቀመጠ፤ በቀኙ ደግሞ የግራውን ጣቶች አንድ በአንድ አጣጠፋቸው። ኦጋቶ ተጠጋ። ዘለለ። ተጠጋ። ዘለለ። ሁለቱም ዙር አለቀ። ጎን ባለው ማሽን ላይ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ልጅ ኦጋቶን ይዞ ያሽከረክራል፣ አሽከርክሮም ያላትማል። አባቴ ከወንበሩ ሳይነሣ ዞር ብሎ አየው። ስድስት ሰባት ጨዋታ አየ። ልጁ ክቡን የሚያዞርበትን እጅ ነበር የሚያየው። ከዚያ የራሱን ግራ እጅ ብርሃኑ ላይ አድርጎ፣ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሀል ያለውን ሥጋ ዳሰሰ። ሥጋው የለም፤ ጎድጉዷል። እስኪቆጣ ጠበቅኩ፣ አልተቆጣም። «እንሂድ» አለኝ።

የባቡር ጣቢያው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። የምንሄድበት ባቡር መጥቶ አለፈን፣ አልተነሣም። ከዚያ በላይ መያዝ አልቻልኩም።

«እኔ ነኝ» አልኩት። «ኦጋቶ በርትቷል ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አሥራ አንድ ወረቀት። ምርጫ መስሎኝ ነው። እማዬ ታውቃለች፣ ሠሪዎቹ ብቻዋን ጠርተው ነግረዋት፣ አንተ እንዳታውቅብኝ አክስቴ ቶሚን ለምናልኛለች።»

አባቴ መጀመሪያ አልገባውም። አስደገመኝ። ብቻዋን መጠራቷን፣ ሁለት ጊዜ ማየታቸውን፣ ጣፋጩን፣ «ካወቀ ይሰበራል» ማለቷን፣ ሁሉንም ነገርኩት። እየነገርኩት ፊቱ ጸጥ እያለ ሄደ። እናቴ ለወራት ተሸክማ የደበቀችውን አንድም ሳላስቀር ጭኑ ላይ አፈሰስኩለት፣ ይቅርታ የምጠይቅ መስሎኝ።

«አሥራ አንድ?» አለኝ በመጨረሻ።

«በየቀለሙ።»

ሳቀ። ከዚያ ቀኝ እጁን ራሴ ላይ ጫነ። «ካናኤ፣ ስሚኝ። አንቺ አይደለሽም። ኦጋቶ ምንም አልሆነም፣ ደህና ነው። እጄ ነው። የሚመለስም አይመስለኝም።»

ድምፁ በጣም ለስላሳ ነበር። ስወድቅ ጉልበቴን እየነፋ «ምንም አልሆንሽም» የሚለኝ ድምፅ ነው።

ቤት ስንደርስ እናቴ በሩ ላይ ጠበቀችን። «የት ጠፋችሁ?»

«ናምባ» አለ አባቴ ጫማውን በአንድ እጁ እየፈታ። «ልንጫወት ሄደን።»

እናቴ ደርቃ ቀረች። «ናምባ? እህስ?»

«ምን እህስ አለው። እዚያም አዳክመውታል። ኦጋቶን የትም ብትሄጂ አዳክመውታል።»

እናቴ እፎይ አለች። «ምን ነካቸው እነዚህ ሰዎች፣ ደህናውን ነገር» አለችና ካፖርቱን ከትከሻው ተቀበለችው። እሱም ዝም ብሎ አወለቀላት። እኔ አንድ ጫማዬን አውልቄ ቆሜ ሁለቱን ቃሎቹን መዘንኩ። ለእኔ የተናገረው ልጅ በሚያባብልበት ድምፅ ነው፤ ለእሷ የተናገረው ወሬ በሚነገርበት ድምፅ ነው። ትልልቅ ሰዎች የሚዋሹት ለልጅ ነው እንጂ እርስ በርስ አይዋሹም። ለእናቴ የነገራትን አመንኩ።

አባቴ ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ኖረ። መጀመሪያ እጁ፣ ቀጥሎ እግሩ፣ በመጨረሻም ድምፁ ሄደ። ኦጋቶን ነጥቄው ባይሆን ኖሮ ወኔው አይከዳውም፣ እንዲህም አይሆንም ነበር እያልኩ አልጋው አጠገብ የቤት ሥራዬን እሠራ ነበር።

እናቴ ሁሉን የነገረችኝ ሃያ ዓመት ሲሞላኝ ነው። ሻይ ይዛ ተቀምጣ፣ ከሐኪሞቹ ጀምራ አንድ በአንድ ተረከችልኝ። ስትጨርስ ዐይኗን ጠርጋ «አንድ የሚያጽናናኝ ነገር አለ» አለች። «ያ ሁሉ ዓመት ከአፌ አንድ ቃል አላመለጠኝም። እንደማይድን ሳያውቅ ነው የሄደው። አይደል?»

እጇን ያዝኩት።

«አዎ እማዬ» አልኳት። «አያውቅም ነበር።»